«ማስረጃ አምጪ» — የእማዬ ማመልከቻና የካሪኮር ሴቶች

ይህ ጽሑፍ ይረዝማል። ማታ ከሥራ ስትመለሱ፣ ሻይ ይዛችሁ አንብቡት። እኔም ከሁለት ሳምንት በላይ ስጽፈውና ስሰርዘው ቆይቻለሁ። መጀመሪያ የጻፍኩት በንዴት ስለነበር ስድብ ብቻ ሆኖብኝ ነው የተውኩት።

ነገሩ እንዲህ ነው። ባለፈው ወር ታናሽ እህቴ በቴሌግራም አንድ ፎቶ ላከችልኝ። ማኅተም ያረፈበት፣ ለእማዬ የተጻፈ የአንድ ገጽ ደብዳቤ ነው። በአጭሩ የሚለው፦ ሟች ባለቤትዎ በውትድርና ላይ ሳሉ ለደረሰባቸው የአካል ጉዳት የሕክምና ቦርድ ውሳኔ ስላልቀረበ፣ የጋብቻ ማስረጃም ስላልተሟላ፣ የጉዳትና የተተኪ አበል ጥያቄዎ ተቀባይነት አላገኘም። እንዲህ ስትባል ሦስተኛዋ ነው። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ጊዜ ያመለከተችው አባባ በሕይወት እያለ፣ በእሱ ስም፣ እሱ ራሱ «ተይው በቃ» እያላት ነበር።

መሥሪያ ቤቱን አልጠራም። ደብዳቤውን የጻፈችውም ልጅ ደመወዝተኛ ናት፣ ፊቷ ያለውን መመሪያ ነው የምታነበው። እኔን የከነከነኝ ሌላ ነገር ነው። ወታደሩን የወሰደው መንግሥት፣ የቆሰለው በመንግሥት ጦርነት፣ እግሩን የቆረጠው የመንግሥት ሐኪም ሆኖ፣ ማስረጃ አምጪ የምትባለው ለምን ሚስቱ ሆነች? የታሪክ መምህር ነኝና እስቲ ከየት እንደመጣ ልይ ብዬ ወደ ኋላ ሄድኩ።

ከአባባ ልጀምር። የብሔራዊ ውትድርና አዋጅ የወጣው በ1975 ነው። ከ18 እስከ 30 ዓመት ያለ ዜጋ 6 ወር ሠልጥኖ 2 ዓመት ያገለግላል ይላል። በ1976 የእኛ ገበሬ ማኅበር (ወሎ ነን) ኮታ ደረሰበትና የአባባ ስም ተጻፈ። እዚህ ላይ ልብ በሉልኝ፤ ስሙ ከነአባቱ፣ ከነአያቱ፣ ከነዕድሜው፣ ከነቀበሌው ተጽፏል። ሰውየውን ለመውሰድ የሚያስፈልገው መረጃ በአንድ ቀን ተሟላ። ማንም «የጋብቻ ወረቀት አምጣ» አላለውም። ሁለት ዓመቱ ሲሞላ ግን የሚለቀው አልተገኘም። ጦርነቱ አላለቀማ!

እማዬን ያገባት ከመወሰዱ በፊት፣ በሽማግሌ፣ በሰማንያ ነው። ወረቀቱ አያቴ ዘንድ ነበር። በ1977 ድርቁ ሲመታ ቤተሰቡ ቀዬውን ጥሎ ወጣ፣ ወረቀቱም ከቤቱ ጋር ቀረ። በረሃብ ሲሰደድ የውል ወረቀት ይዞ የሚወጣ ማነው? አባባ በዚያ ጊዜ ግንባር ነው። ሚስቱ በሕይወት መኖሯን ያወቀው ከስምንት ወር በኋላ፣ ከአገሩ ከመጣ አንድ ምልምል አፍ ነው።

መጋቢት 1980 አፋቤት ላይ ናደው ዕዝ ተደመሰሰ። ስለዚያ ውጊያ ብዙ ተጽፏል፣ እኔ አልደግመውም። አባባ ስለዚያ ሳምንት ያወራን በሕይወቱ ሁለት ጊዜ ቢሆን ነው፤ ያውም ጥቂት ዓረፍተ ነገር። ፈንጂ ነበር። ጓደኞቹ ተሸክመው አወጡት፣ አሥመራ ላይ ግራ እግሩ ከጉልበቱ በታች ተቆረጠ። ከዚያ «ቀላል ሥራ» ተብሎ እዚያው አሥመራ ንብረት ክፍል ተመደበ። ቦርድ ፊት ቀርቦ እንደነበር፣ የውሳኔውም ቅጂ በእጁ እንደተሰጠው ይናገር ነበር። ካርቦን የተነካካ ሰማያዊ ወረቀት ነበር ይላል።

ከዚያ 1983 መጣ። ግንቦት 13 ኮሎኔል መንግሥቱ ከአገር ወጡ፣ ግንቦት 16 አሥመራ ተያዘች፣ ግንቦት 20 አዲስ አበባ። ከሰሐራ በታች ካሉት ትልልቅ ሠራዊቶች አንዱ በአንድ ሳምንት ውስጥ ሠራዊት መሆኑ ቀረ። በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ወታደሮች ከነቤተሰቦቻቸው ወደ ሱዳን ተሻገሩ። አባባ በክራንች፣ ጥቂት በመኪና፣ ጥቂት በሰው ትከሻ ከሰላ ገባ። ቦርሳው መንገድ ላይ ቀረ። ወረቀቱ በቦርሳው ውስጥ ነበር።

በዚያው ሰኔ አዲሱ መንግሥት የቀድሞ ሠራዊት አባላትና የጦር ጉዳተኞች ማቋቋሚያ ኮሚሽን የሚባል አቋቋመ። ወደ 450,000 የሚጠጉ ሰዎችን በየካምፑ፣ በታጠቅ፣ በጦላይ፣ በሁርሶና በሌሎችም መዝግቦ፣ ተሃድሶ ሰጥቶ ወደየቤታቸው መለሰ። ለገጠሩ ስንቅና ዘር፣ ለአንዳንዱም በሬ ሰጠ። እውነቱን ለመናገር ቀላል ሥራ አይደለም፤ የዓለም ባንክ ሰዎች ስለ ሠራዊት ብተና ሲጽፉ በምሳሌነት ይጠቅሱታል። አባባም ስንቁን ወስዷል፣ አይካድም። ችግሩ ኮሚሽኑ ጊዜያዊ መሆኑ ነው። ሥራዬን ጨርሻለሁ ብሎ ተዘጋ። የአባባ እግር ግን አልተመለሰም። ከዚያ በኋላ ጥያቄውን የሚያይ ቢኖር መደበኛው የጡረታ ሥርዓት ነው፤ የእማዬም ፍዳ የጀመረው እዚያ ጋ ነው።

ስለ ጡረታ ትንሽ ልበል፣ ቃሉ ራሱ ደስ ይለኛል። ጡረታ የመጣው ጦረ ከሚለው ነው። በእኛ አገር ጧሪ ልጅ ነው፤ «ጧሪ ቀባሪ አያሳጣህ» ተብሎ ነው የሚመረቀው። በድሮው ዘመን መንግሥት ወታደሩን በማደሪያ መሬት ያኖረው ነበር፣ አካሉ የጎደለውን የሚጦረው ግን ቤቱ ነው። ቤቱ ማለት ደግሞ ሚስቱ ናት። ጣሊያን በመርዝ ጋዝ ያቃጠላቸውን አርበኞች አስቡ። በ1939 የፓሪሱ የሰላም ውል ጣሊያን ለኢትዮጵያ 25 ሚሊዮን ዶላር ካሣ እንድትከፍል ወሰነ፣ የኋላ ኋላ ከካሣው የቆቃ ግድብ ተሠራበት። ግድብ መሠራቱን አልጠላም፣ መብራት ነው። ነገር ግን ቆዳው የተላጠውን ሰው ቁስል ስታጥብ የኖረችው ሴት ከዚያ ገንዘብ ምን ደረሳት ብሎ የጠየቀ ያለ አይመስለኝም።

መንግሥት በሕግ «እኔ ጧሪ ነኝ» ያለው በ1953 ነው፤ የመንግሥት ሠራተኛውን፣ ወታደሩንና ፖሊሱን የሚመለከተው የጡረታ ድንጋጌ ያኔ ወጣ። ከዚያ ወዲህ ሕጉ ተደጋግሞ ተሻሽሏል፤ በ1995፣ በ2003፣ በ2014። በ2003ቱ አዋጅ የሟች ሚስት ባሏ ያገኝ የነበረውን ወይም ሊያገኝ ይገባው የነበረውን አበል ግማሽ ታገኛለች። በሥራ ላይ ለተጎዳ የጉዳት አበል አለ። በወረቀት ላይ መጥፎ ሕግ አይደለም። የተሠራው ግን ደመወዝ ላለው፣ ፋይሉ መዝገብ ቤት ለተቀመጠለት፣ ጉዳቱን የሕክምና ቦርድ ላጸደቀለት ሰው ነው። በአፈሳ የገባ፣ በኪስ ገንዘብ ያገለገለ፣ ክፍሉ የተበተነበት ሰው ሲመጣ ሕጉ ራሱ የሚይዘው ይጠፋዋል። እና ሲጠፋው ምን ይላል? ማስረጃ አምጪ።

እማዬ መጀመሪያ ስትጠይቅ «ፋይሉን ከነበሩበት ክፍል አስልኪ» ተባለች። ክፍሉ ፈርሷል። ከተማው ሌላ አገር ሆኗል። በዚያ ላይ በ1990 ጦርነቱ ተነሣና ድንበሩ ተዘጋ፤ እስከ 2010 ድረስ ሃያ ዓመት ሙሉ ስልክ እንኳ አይገባም ነበር። እማዬ ለጸሐፊዋ «ታዲያ ሻዕቢያን ሄጄ ልጠይቅ?» አለቻት። ጸሐፊዋም ሳቀች፣ እማዬም ሳቀች፣ ቤት መጥታ ግን አልቅሳለች።

ለሁለተኛው ጥያቄ ደግሞ፣ ለጋብቻው፣ የቤተሰብ ሕጋችን በባህልና በሃይማኖት የተፈጸመን ጋብቻ ይቀበላል። አገር አቀፍ የጋብቻ ምዝገባ የተጀመረው ግን በ2008 ነው። እማዬ ያገባችው በ1975። በ33 ዓመት ቀድማ ያገባች ሴት የ33 ዓመት በኋላ ወረቀት ትጠየቃለች።

አሁን ወደምኖርበት ከተማ ልምጣ፤ ነገሩ የእኛ አገር ብቻ መስሎኝ ነበርና። ናይሮቢ ያላችሁ ታውቁታላችሁ፣ ከኢስሊ ወደ መሐል ከተማ ስንወርድ በካሪኮር ገበያ በኩል እናልፋለን። የቆዳ ሰንደልና ዘንቢል የሚሸጥበት፣ ኛማ ቾማ የሚበላበት ነው። ዓመታት ስመላለስ ካሪኮር የሰፈር ስም ብቻ መስሎኝ ነበር። ለካ «ካሪየር ኮር» ነው፤ የተሸካሚዎች ጦር። የዳሬሰላሙ ካሪያኮም ያው ነው።

እ.ኤ.አ. በ1914 እንግሊዝና ጀርመን እዚህ ምሥራቅ አፍሪካ ላይ ሲዋጉ የጭነት ከብት በገንዲ በሽታ ያልቅ ነበር፣ መንገድም የለም። ስለዚህ ጥይቱም ዱቄቱም በሰው ጭንቅላት ተጓዘ። በእንግሊዝ በኩል ብቻ ከየግዛቱ የተወሰደው ተሸካሚ ወደ አንድ ሚሊዮን ይጠጋል። በ1917 እጥረቱ ሲበረታ የቅኝ ገዢው ባለሥልጣን ጆን አይንስዎርዝ አፈሳውን በየአለቃው ኮታ አደረገው። ኮታ ስል የእኛ ገበሬ ማኅበር ትዝ ካላችሁ እኔም ትዝ ብሎኛል። ከዛሬዋ ኬንያ ብቻ ከ40,000 በላይ ሞቱ። የገደላቸው በአብዛኛው ጥይት አልነበረም፤ ተቅማጥ፣ ወባ፣ የሳምባ ምች ነው። ማቶኬ ለምዶ ያደገ የዑጋንዳ ሰው በቅጡ ያልበሰለ የበቆሎ ዱቄት እየተሰጠው አንጀቱ ተቆራርጦ ሞተ።

ጦርነቱ ሲያልቅ ያልተከፈለ የሟቾች ደመወዝ ተጠራቀመ። ሰዎቹ ሞተዋል፣ ገንዘቡ አለ፣ ወራሽ ግን «አልተገኘም»። ለምን አልተገኘም? ስሙን የጻፈው ሰው በሰማው ልክ ነው የጻፈው። የአንዱ አገር ስም ከሌላው ተምታቷል። ማቻኮስ ወይም በቪክቶሪያ ሐይቅ ዳር ያለች ሴት ባሏ በየትኛው ቁጥር እንደተመዘገበ በምን ታውቃለች? የሞተበትን ቦታ እንኳ የነገራት የለም። የተሸካሚዎቹ አዛዥ የነበረው ኦስካር ዋትኪንስ (እንግሊዛዊ ነው፣ ግን ሰውየው ሕሊና ነበረው) ገንዘቡ ለሰዎቹ ወገን እንዲውል ለዓመታት ተሟግቷል። ክርክሩ እስከ 1930ዎቹ ተጎተተ። በመጨረሻ ለንደን እንቢ አለች።

ይህን ሳነብ ደብተሬን ዘጋሁ። መዝጋቢው ራሱ አበላሽቶ መዝግቦ፣ ምዝገባው ተበላሽቷልና አልከፍልም ይላል። እማዬ የተላከላት ደብዳቤ ከዚህ በምን ይለያል?

በኬንያታ ጎዳና ላይ ሦስት የነሐስ ሐውልቶች አሉ፤ አንዱ ዓረብ ተኳሽ፣ አንዱ ተሸካሚ፣ አንዱ የንጉሡ አፍሪካ ጠመንጃ ያዥ ጦር አስካሪ። ሥሩ በእንግሊዝኛ፣ በስዋሂሊና በዓረብኛ ተጽፎበታል። ጽሑፉን ያዘጋጀው ራድያርድ ኪፕሊንግ ነው ይባላል። ቃል በቃል አልጠቅሰውም፣ ሐሳቡ ግን ለአገርህ ተዋግተህ ብትሞት እንኳ ወንዶች ልጆችህ ስምህን ያስታውሳሉ የሚል ነው። ተማሪዎቼን ይዤ ሄጄ አንዷ ልጅ አነበበችውና «ቲቸር፣ ሚስቱስ?» አለችኝ። አሥራ ስድስት ዓመቷ ነው። እኔ ስንት ጊዜ አልፌበት አላየሁትም።

ደግሞም ከእኛ ጋር የሚያገናኝ አለ። እ.ኤ.አ. በ1941 ጣሊያንን ከአገራችን ሲያስወጡ ከጁባ ወንዝ ተነሥተው አዲስ አበባ፣ ከዚያም ጎንደር ድረስ ከተዋጉት መካከል የእነዚያ ተሸካሚዎች ልጆች አሉበት፤ ኬንያውያን፣ ዑጋንዳውያን፣ ታንዛንያውያን። ለነፃነታችን ደማቸውን ያፈሰሱ ናቸው፣ እኛ ግን በትምህርት ቤት ስማቸውን አልተማርንም። ጦርነቱ ሲያልቅ የተሰጣቸው የስንብት ገንዘብ በቆዳ ቀለም የተሰላ ነበር፤ ነጩ ወታደር ከሚያገኘው እስከ ሦስት እጥፍ ያነሰ። ኢስሊ ውስጥ አንድ ኬንያዊ ሽማግሌ «ስደተኞች አገራችሁ ግቡ» ሲለን እንናደዳለን። አባቱ ወይም አያቱ ጎንደር ላይ ቆስሎ ምንም ሳያገኝ የሞተ ሊሆን እንደሚችል ግን አስበን አናውቅም። ይህን የምለው ለሰውየው ጥብቅና ለመቆም አይደለም፣ ነገሩ ስለገረመኝ ነው።

ወደ እማዬ ልመለስ።

አባባ ሰው ሠራሽ እግር ተሰጥቶት ነበር። ሁለት ጊዜ ተቀይሮለታል። ቆዳው ከፕላስቲኩ ጋር ሲፋተግ ይላላጣል፣ በተለይ በበጋ። የሚለበስበት ካልሲ መሰል ነገር አለ፣ ያ ቶሎ ያልቃል። እማዬ ከአሮጌ ጋቢ እየቀደደች፣ ድርብ አድርጋ ትሰፋለት ነበር። ስፌቱ ወደ ውስጥ እንዳይሆን፣ ይቆረቁረዋል። በየቀኑ ማታ ለብ ባለ ውሃ ጨው አድርጋ ታጥበዋለች፣ ጠዋት ደርቆ ካላየች አታስለብሰውም። ሌሊት በሌለው እግሩ ሕመም ሲጮህ የምትነሣው እሷ ናት። እኔ የተወለድኩት በ1985 ነው፤ ልጅ ሆኜ አባቶች ሁሉ ማታ ማታ እግራቸው የሚታጠብ ይመስለኝ ነበር። በ1990 ጦርነት የቀድሞ ወታደሮች ሲጠሩ አባባ ሬዲዮኑን ሰምቶ ተነሣና ጫማውን ፈለገ። እማዬ «የት ነው የምትሄደው በአንድ እግር?» ስትለው ቁጭ አለ። ስቃ ነው የነገረችን፣ እሱ ግን አልሳቀም።

እንግዲህ ከ1983 እስኪሞት ድረስ ከሠላሳ ዓመት በላይ ያን ጉልበት ያየች፣ የዳሰሰች፣ ያጠበች ሴት ናት «ጉዳቱ መድረሱን የሚያስረዳ አልቀረበም» የተባለችው። ስደውልላት ገንዘቡን አላነሣችም። «ልጄ፣ እግሩ አልተቆረጠም ነው እኮ ያሉኝ» አለች።

ቀብሩን በስልክ ነው የሰማሁት። እግዚአብሔር ያሳያችሁ፣ ልቅሶ ቤት ስልኩን ድንኳን ውስጥ አስቀምጠውልኝ ሰዓት ሙሉ ሰማሁ። አሁን ደግሞ ውክልና ልስጥና ጠበቃ ልያዝላት ስል አልቻልኩም። ውክልና በኤምባሲ ነው የሚረጋገጠው። ከአገሩ መንግሥት ሸሽቻለሁ ብሎ ጥገኝነት የጠየቀ ሰው የዚያን መንግሥት ኤምባሲ በር ሲያንኳኳ ጉዳዩ ምን እንደሚሆን ስደተኛ የሆናችሁ ሁሉ ታውቃላችሁ። ስለዚህ ልጅ አለኝ ትላለች፣ ልጇ ግን ፊርማ የለውም። እህቴ በራሷ ስም እየሮጠች ነው።

ተስፋው ምንድን ነው ለምትሉ፣ የጡረታ ሕጉ ውሳኔው ላይ ቅር የተሰኘ ሰው ለማኅበራዊ ዋስትና ይግባኝ ሰሚ ጉባዔ እንዲያመለክት ይፈቅዳል። ይህን ብዙ ሰው አያውቅም፣ ደብዳቤ ሲደርሰው ያበቃ ይመስለዋል። እማዬም አላወቀችም ነበር፤ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ጊዜያት ዝም ብላ ወደ ቤቷ ነው የሄደችው። አሁን እያዘጋጀን ነው። ጋብቻውን የሚያውቁ ሁለት ሽማግሌዎች አሉ፣ አንዱ ዘጠና ሊሞላቸው ነው፣ በወንበር ተሸክመን እናመጣቸዋለን ብለዋል ልጆቻቸው። ሰው ሠራሽ እግሩን የሰጠው ድርጅት ያስቀረው ካርድም ተገኝቷል፤ የተቆረጠበት ዓመት ተጽፎበታል። ያን ካርድ እናቴ የጸሎት መጽሐፏ ውስጥ ነበር ያኖረችው፣ ማስረጃ መሆኑን የነገራት ሰው ስላልነበረ።

ባላችሁ ወይም ልጃችሁ በቅርቡ ጦርነት የተጎዳ፣ በየትኛውም ወገን ይሁን፣ እባካችሁ የሆስፒታሉን ካርድ፣ የመልቀቂያ ወረቀት፣ የክፍሉን ስም፣ የአዛዡን ስም፣ የተጎዳበትን ቀን ዛሬውኑ በስልካችሁ ፎቶ አንሱና ለሁለት ሰው ላኩ። አንዱ ከአገር ውጭ ያለ ይሁን። ጋብቻችሁን ያላስመዘገባችሁ አስመዝግቡ። ሰውየው በሕይወት እያለ ምስክሮቹን አስጽፉ።

አንድ ልመና አለኝ። ከ1980 እስከ 1983 አሥመራ ንብረት ክፍል የነበረ አባት፣ አጎት፣ ጎረቤት ያላችሁ ጠይቁልኝ። ግራ እግሩ የተቆረጠ፣ ረዥም፣ ቀልደኛ ያልሆነ፣ የወሎ ሰው ያስታውሱ እንደሆነ። ስሙን እዚህ አልጽፍም፤ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ እነግራችኋለሁ። የይግባኙ ጊዜ አጭር ነውና ቶሎ ብትሉልኝ።